ጃኬቴ ወንጂ ቀረ

ወደ ዘመድ የሚሄድ ሰው አደራ አያጣም። በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል ዝክር ወንጂ አክስቴ ጋ እንደምወርድ ሰፈራችን አሳምሮ ስለሚያውቅ፣ ኅዳር ከባተ ጀምሮ የእኔ በር አያርፍም። አንዷ ለእህቷ ልጅ የሚደርስ ጫማ ታሸክመኛለች፤ ሌላው አዳማ ላለ ወንድሙ የታሸገ ፖስታ፤ ባለ ሱቁ ደግሞ ስመለስ ሸንኮራ አገዳ እንዳልረሳ ያስጠነቅቀኛል። ዘንድሮ ከሁሉም ለየት ያለው አደራ የጎረቤታችን የዶክተሯ ነበር። በራቸው ላይ ቆመው ጠሩኝና «ወንድሜ፣ ከወንጂ ውሃ ታመጣልኛለህ?» አሉኝ። ጫማ ቁጥሩ ሳይሆን ይቀራል፣ ፖስታ ይጠፋል፤ ውሃ ግን ምን ይሆናል? እሺ አልኳቸው።

ዶክተሯ ሐኪም አይደሉም። ሰፈሩ ይህን ለመቀበል ብዙ ጊዜ ፈጅቶበታል፤ ዛሬም ደም ግፊቷን ለመለካት እሳቸው ቤት የምትሄድ ሴት አለች፤ እሳቸውም መለኪያ ገዝተው ይለኩላታል። ሙያቸው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ዕድሜያቸውን የሰጡትም መሬት ውስጥ ስንት ውሃ አለ ለሚለው ሳይሆን፣ ያ ውሃ ምን ተቀላቅሎበታል ለሚለው ጥያቄ ነው። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ የስምጥ ሸለቆ ካርታ ተሰቅሏል። ካርታው ላይ ሰማያዊ፣ ቢጫና ቀይ ነጠብጣብ አለ፤ እያንዳንዱ ነጠብጣብ አንድ ጉድጓድ ነው። ከወንጂ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ አክስቴ ባለችበት መንደር አካባቢ፣ ምንም ያልተነጠበበት ባዶ ቦታ ነበር። እሳቸው ጉልበታቸውን አሟቸዋል፤ እኔ ደግሞ መንገዴ ነው።

ውሃ መቅዳት ያን ያህል ትእዛዝ እንዳለው ግን አላውቅም ነበር። ነጫጭ የፕላስቲክ ጠርሙሶች፣ የማይለቅ ቀለም ያለው ማርከርና በረዶ የተሞላ አይስቦክስ ሰጡኝ። የምፈልገው ፍሎራይድን ነው፣ ፍሎራይድ ደግሞ ከብርጭቆ ጋር አይስማማም፣ ስለዚህ በብርጭቆ ጠርሙስ እንዳትቀዳ አሉኝ። በረዶው ናይትሬት ለሚለካበት ጠርሙስ ነው፤ ካልቀዘቀዘና ቶሎ ካልደረሰ ውስጡ ያሉት ረቂቅ ነፍሳት ናይትሬቱን ይለዋውጡታል። ከእንስራ አትቅዳ፣ ከጀሪካንም አትቅዳ፤ ከጉድጓዱ አፍ ብቻ። ጠርሙሱን በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቀህ ድፋ፤ ከዚያ ሙላ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጻፍ። «ከሁሉ በላይ ደግሞ» አሉ፣ ጣታቸውን አንስተው፣ «የመጀመሪያውን ውሃ እንዳታመጣልኝ። ሌሊቱን ቱቦው ውስጥ ቆሞ ያደረ ውሃ ምድሩ ውስጥ ያለውን አይመሰክርም። እሱን አፍስሰህ ጨርስና አዲሱ ሲመጣ ቅዳ።»

አፍስስ። ይህን ቃል ይዤ ወንጂ ገባሁ።

ወንጂን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልንገር። ከአዳማ በስተደቡብ፣ አዋሽ ዳር የተዘረጋ የአገዳ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ እዚያ የስኳር ፋብሪካ ከፈተ፤ ከከምባታው፣ ከሐድያው፣ ከወላይታው፣ ከየአቅጣጫው ሠራተኛ ጎረፈ። ካምፕ ተሠራ፣ ለካምፑ ጉድጓድ ተቆፈረ። የጉድጓዱ ውሃ የጠራ ነበር፤ ከደፈረሰው አዋሽ ጋር ሲያስተያዩት ማን ወደ ወንዙ ይመለሳል? የአክስቴ ባልም ከነዚያ ሠራተኞች አንዱ ናቸው። ጎረምሳ ሆነው መጡ፣ አገዳ ቆረጡ፣ ከካምፑ ጉድጓድ ጠጡ፣ እዚያው ጡረታ ወጡ። ዛሬ ጋሼን ከጎን የጠራቸው ሰው አንገታቸውን ዘወር አድርገው አያዩትም፤ አንገታቸው አይዞርም። ቆመው መላ ሰውነታቸውን ያዞራሉ፤ ከዚያ ፈገግ ብለው «እንደምን ዋልክ» ይላሉ። ልጅ ሆኜ ይህ የክብር አቋቋም ይመስለኝ ነበር። ሰው ሁሉ ቁርጥማት ይለዋል። ወገባቸውን ለማቅናት ሲሞክሩ የሚያሰሙትን ድምፅ አክስቴ ከጓዳ ሆና ትሰማና ሥራዋን ትታ ትወጣለች።

በማግስቱ፣ የሚካኤል ዕለት ማለዳ፣ ሰው ሳይመጣ ሥራዬን ልጨርስ ብዬ አይስቦክሱን ተሸክሜ ወደ መንደሩ የእጅ ፓምፕ ሄድኩ። ማታ ማታ ይቆለፋል፤ ጥበቃው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሲከፍት ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። የአክስቴን ስም ጠራሁ፣ ፈቀደልኝ፣ እጀታውን ያዝኩ። ለመጀመሪያው ጠብታ የፈጀብኝን ጊዜ መናገር አያስፈልግም። ውሃው ከመጣ በኋላ ግን ደስ ብሎኝ እወዘውዘው ጀመር፤ ውሃው እየፈሰሰ፣ በጠጠሩ ላይ እየወረደ፣ ወደ ቦዩ ይገባል። ቀና ብዬም አላየሁም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ቀና ስል ግን ልለቅመው የምችለው ነገር አልነበረም። ከፊቴ ቢጫ ጀሪካን የያዙ ሴቶች፣ አህያ የሚነዳ ልጅ፣ እንስራ ያዘለች ነፍሰ ጡር፣ ሁሉም ዝም ብለው ቆመው ውሃ የሚደፋውን ሰውዬ ያያሉ።

«ምን ነካው?» አለች አንዷ፣ ለእኔ ሳይሆን ለጎረቤቷ።

አስረዳለሁ ብዬ አፌን ከፈትኩ። «ያደረውን ውሃ አስወጥቼ...» ከማለቴ፣ «ያደረ?» አለች ሌላዋ። «እኛ ታዲያ ያደረ ነው የምንጠጣው?» ኧረ አይደለም፣ ለምርመራ ነው አልኩ። ይህ ደግሞ የባሰ ሆነ። ምርመራ የሚለው ቃል ወደ ሰልፉ ጅራት እስኪደርስ «ጉድጓዱ ሊዘጋ ነው» ሆኖ ተመለሰ። ነፍሰ ጡሯ እንስራዋን አወረደች። አህያው እንኳ ዞር አለ። እኔ እጀታውን ልቀቀው ወይስ ልያዘው ብዬ እንደቆምኩ፣ በትር የያዙ አንዲት እማማ ሰልፉን ሰንጥቀው መጡ። የውሃ ኮሚቴው አባል መሆናቸውን የሰማሁት ኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ሁሉም መንገድ ስለለቀቀላቸው ብቻ ትልቅ ሰው መሆናቸው ገባኝ።

«የማን ልጅ ነህ?»

የማን እንደሆንኩ ተናገርኩ።

«እሷማ ጨዋ ናት» አሉ። ሌላ አልጨመሩም፤ መጨመርም አላስፈለጋቸውም። ከዚያ እንዲህ ብለው ፈረዱ፦ «ውሃ መፍሰስ አለበት ትላለህ። ይፍሰስ። መሬት ላይ ግን አይፈስም፤ እዚህ ውስጥ ይፈሳል።» በበትራቸው ጀሪካኖቹን አሳዩኝ። «የሁሉም ሲሞላ አዲሱ ውሃ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ትቀዳለህ። እስከዚያ አንተ ትስባለህ።»

ከሁሉ ቀድሜ መጥቼ ከሁሉ ኋላ ሆንኩ። ሳብኩ። መዳፌ ውሃ ቋጠረ፣ ትከሻዬ ዛለ፤ ጀሪካኑ ግን አይሞላም። ቁመቷ ከእጀታው እምብዛም የማይበልጥ ልጅ ተመልክታኝ ተመልክታኝ፣ «ጋሼ፣ ቆይ እኔ» አለችና ገፋ አደረገችኝ፤ በሰውነቷ ክብደት እየተንጠለጠለች ባንድ አፍታ ሞላችው። ሰው ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ስትስቅ ግን በፍጥነት በመዳፏ አፏን ሸፈነች። ከመሸፈኗ በፊት ያየሁት ይበቃል፤ ጥርሶቿ ገና አዲስ የበቀሉ ናቸው፤ ቡናማ መስመር ተሰምሮባቸዋል፣ ጫፋቸው ተሸርፏል። ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ከሰልፈኛው ውስጥ እጇን ከአፏ ሳታወርድ የምታወራ ወጣት ሴት አንድ ብቻ አልነበረችም።

ተራዬ ደረሰ። ጠርሙሱን ሞላሁና አለቅልቄ ደፋሁት። «ኧረ ደፋው!» አሉ ልጆቹ። ደግሜ ሞላሁ፤ አለቅልቄ ደፋሁ። «ሁለት!» አሁን ትልልቆቹም ቆጠሩ። ሦስተኛውን ስደፋ ጭብጨባ ሆነ። ላቤ ማርከሩን እያንሸራተተው ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍኩ፣ አይስቦክሱን ዘጋሁ፣ እጅ ነስቼ ልሄድ ስል የእማማ በትር ከፊቴ ተጋደመ።

«የት ልትሄድ?»

«አዲስ አበባ፣ ላቦራቶሪ...»

«ካንተ በፊትም መጥተው ነበር። በነጭ መኪና መጡ፣ ቀዱ፣ ጻፉ፣ ሄዱ። ከነሱ በፊትም ሌሎች ነበሩ። ሁሉም ጠርሙስ ነበራቸው። ይሄው ልጆቹ ተወለዱ፣ ጥርስ አወጡ፤ ውሃችሁ እንዲህ ነው ብሎ የተመለሰ አንድ ሰው የለም። አንተስ ትመለሳለህ?»

እመለሳለሁ አልኩ። ማልልኝ አላሉም። «ምን ታስይዛለህ?» አሉ።

አንባቢዬ፣ ጃኬቱን ብታውቀው ኖሮ እዚህ ላይ ታዝንልኝ ነበር። ወንድሜ ከውጭ የላከልኝ፣ ውስጡ የተደረበ፣ በኅዳር ብርድ ሰው መሐል ቀና የምልበት ጃኬት ነው። አስተያየታቸውን ተከትዬ ወደ ራሴ ሳይ፣ ከእሱ በቀር መያዣ የሚሆን ነገር አልነበረኝም። አወለቅሁት። እማማ አጣጥፈው ክንዳቸው ላይ አኖሩት፤ «አደራህን ስትመልስ አደራህን ትወስዳለህ» አሉ። ሰልፈኛው ምስክር ሆነ። በሸሚዜ፣ አይስቦክሴን አቅፌ፣ በአገዳው ዳር ወደ አክስቴ ቤት ስሄድ ልጆቹ እስከ ደጅ ሸኙኝ።

ወሬው ቀድሞኛል። ዝክሩ ላይ የተቀመጠው እንግዳ ሁሉ ስሜን ትቶ «ውሃ ደፊው» ይለኛል። አክስቴ ጠላ እየቀዳች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ስሜን ጠርተህ ነው ደግሞ ውሃ የደፋኸው?» ትለኛለች፤ በድጋሚ ባጠገቤ ስታልፍ «ጃኬቱንስ ምን ብዬ ልጠይቃቸው?» ትላለች። ጠላው ከዚያው ጉድጓድ ውሃ የተጠመቀ ነው፤ ደጋግሜ ጠጣሁ። ያዳነኝ የጋሼ ድምፅ ነው። ከተቀመጡበት ተነሱ፤ መላ ሰውነታቸውን ወደ እንግዳው አዞሩና «ተዉት» አሉ። «እኔን ያየ ሰው ያን ውሃ ያስመርምር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። የካምፑን ውሃ ስንጠጣ እንዴት ይጥመን ነበር መሰላችሁ።» ከዚያ በኋላ ውሃ ደፊው ያለኝ ሰው አልነበረም፤ አንድ ሽማግሌ ብቻ ሲወጡ ጉልበቴን መታ መታ አድርገው «በርታ» አሉኝ።

የመልስ ጉዞው ብዙ የሚወራለት አይደለም። ረዳቱ ሣጥኑ ወንበር ይዟል ብሎ የሁለት ሰው አስከፈለኝ። ከጎኔ የተቀመጡት እናት ጸበል መስሏቸው ለልጃቸው ጥቂት ጠየቁኝ፤ አይደለም፣ የጉድጓድ ውሃ ነው ብዬ ብምል እንኳ አላመኑኝም፤ የጉድጓድ ውሃ እንዲህ ታቅፎ የሚሄድ ሰው አይተው አያውቁምና። እስከ ቃሊቲ ተኮራርፈን ሄድን። አዲስ አበባ ስደርስ መሽቷል፣ ውርጩ ወርዷል፣ ሸሚዜ ስስ ነው። በሬ ላይ ቆሜ እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ ኪስ የለም። የቤቴ ቁልፍ በጃኬቱ የውስጥ ኪስ ወንጂ ቀርቷል።

የዶክተሯ መብራት አልጠፋም ነበር። በሩን ከፍተው መጀመሪያ ያዩት ሣጥኑን ነው፤ እኔን ቀጥለው። ጠርሙሶቹን ፍሪጃቸው ውስጥ የወጡን ድስት ገፋ አድርገው ደረደሯቸው፤ ጽሑፌን አነበቡ፤ «ጎበዝ፣ ሰዓቱን ሳይቀር» አሉ። ከዚያ ብቻ ነው ሸሚዜን አይተው ጋቢ ያመጡልኝ። ታሪኩን ስነግራቸው ጀሪካኖቹ ጋ ስደርስ ፊታቸው በራ። «እኔም እንደሱ ነው የማደርገው። መጀመሪያ እነሱ ይቀዳሉ። ልነግርህ ሲገባኝ ዘንግቼው!» ጃኬቱ ጋ ስደርስ ግን ዝም አሉ፤ ሻይ ሊያፈሉ ተነሱ፤ ተመልሰውም ወዲያው አልተናገሩም።

ሶፋው ላይ ጋቢዬን ተከናንቤ የሰማሁት የአንድ ሰው የሥራ ዘመን ነው። የጀመሩት በተማሪነታቸው እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ ከሰው መጸዳጃ ጉድጓድ የሚሰርገው ፈሳሽ ምንጮቹ ውስጥ ምን ያህል ናይትሬት እንደሚጨምር ለማወቅ በየሸለቆው እየወረዱ ይቀዱ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የናይትሬት ወሰን በሊትር 50 ሚሊግራም ነው፤ ከዚያ የበለጠ ናይትሬት ያለበት ውሃ፣ የዱቄት ወተት በእሱ ተበጥብጦ ለሚሰጠው ሕፃን አደገኛ ነው። ከተማዋ ከአቃቂ ጉድጓዶች እየጠጣች ከላያቸው ትሰፋለች፤ ይህ ነገር እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሳቸዋል። የመደርደሪያቸው ጥግ ላይ ፍሪዝና ቼሪ እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተሙት የከርሰ ምድር ውሃ መጽሐፍ ነበር፤ ጀርባው በፕላስተር ተጠግኗል። ጆን ቼሪ ካናዳዊ ናቸው፤ ብክለት በአሸዋና በዐለት ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ዕድሜ ልካቸውን ያጠኑ፣ በ2020 የስቶክሆልም የውሃ ሽልማትን የተቀበሉ ሰው። ዶክተሯ በተማሪነታቸው መጽሐፉን የሚያነቡት እየተዋሱ ነበር፤ ዛሬ ማንኛውም ተማሪ በነጻ እንደሚያገኘው ሲነግሩኝ ለራሳቸው የተደረገ ስጦታ ያህል ደስ አላቸው።

ከዚያ ወደ ስምጥ ሸለቆው ወረዱ። ውሃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ድንጋይ ይባል የለ፤ እዚያ ግን ድንጋዩ ውሃውን አያስጮኸውም፣ በዝምታ ይለውጠዋል። ምድሩ የእሳተ ገሞራ አመድና ዐለት ነው፤ ፍሎራይድ አለበት። ዝናቡ ሰርጎ በዚያ ዐለት ውስጥ ለረጅም ዘመን ሲቆይ፣ ሙቀትም ሲያገኘው፣ ፍሎራይዱን እያሟሟ ይይዛል። ውሃው ካልሲየም ቢበዛበት ፍሎራይዱን አስሮ ያስቀረው ነበር፤ የሸለቆው ውሃ ግን ሶዲየም የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰው ስለሆነ ፍሎራይዱ ነጻ ሆኖ ይቀራል። አይሸትም፣ አይደፈርስም፣ አፍ ላይ አይታወቅም። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር 1.5 ሚሊግራም ወሰን አድርጎለታል። ጥቂቱ ለጥርስ ይበጃል፤ ሲበዛ በልጅነት የሚሠራውን ጥርስ ያበላሻል፤ ለብዙ ዓመት እጅግ የበዛበት ውሃ የጠጣ ሰው ደግሞ አጥንቱ እየደደረ፣ መጋጠሚያው እየተያያዘ ይሄዳል። ጋሼን አሰብኩ። ያ ቁርጥማት አልነበረም።

በወንጂ ሸዋ ይህን ከመረመሩት መካከል ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት አሉበት። የነርቭ ሐኪም ናቸው። የነርቭ ሐኪም ከውሃ ጋር ምን አገናኘው እንዳትል፤ የደደረው አከርካሪ ሕብለ ሰረሰሩን ሲጫነው እግር ይከዳል፣ በሽተኛውም እሳቸው ዘንድ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1987 ከባልደረቦቻቸው ጋር የስምጥ ሸለቆውን የፍሎራይድ ሕመም የሚገልጽ ጽሑፍ አሳተሙ፤ በ2006 ደግሞ በአገሪቱ የገጸ ምድርና የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ የት የት እንደሚበዛ የሚያሳይ ሌላ ጥናት ወጣ። የዶክተሯ ካርታ ከነዚያ በኋላ የሚመጣውን፣ መንደር በመንደር ያለውን ክፍተት የሚሞላ ነው። አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ሁለት ጉድጓዶች ውሃቸው ሊለያይ ይችላል፤ ስለዚህ የሰፈርህን ውሃ በጎረቤት ሰፈር ውሃ መፍረድ አይቻልም። ካልሄድክና ካልቀዳህ ነጠብጣቡ ባዶ ነው።

ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ስለ አንድ የጥርስ ሐኪም ነገሩኝ፤ እስከ ዛሬ ከሐሳቤ አልወጣም። ፍሬደሪክ ማኬይ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1901 አሜሪካ ውስጥ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ሥራ ሲጀምር የከተማው ልጆች ጥርስ ቡናማ ሆኖ አገኘው። ማንም ምክንያቱን አያውቅም፤ ብዙዎቹም ግድ አልሰጣቸውም። እሱ ግን ከከተማ ከተማ እየተከተለ ነገሩ ውሃው ውስጥ እንዳለ ጠረጠረ። ኦክሊ በምትባል የአይዳሆ ከተማ ወላጆች ምክሩን ሰምተው የልጆቻቸውን የውሃ ምንጭ ለወጡ፤ ከዚያ ወዲያ ጥርስ ያወጡት ልጆች ነጭ ጥርስ አወጡ። ምን እንደሆነ ሳያውቅ ልጆቹን ታደገ። ፍሎራይድ መሆኑን አንድ የአሉሚኒየም ኩባንያ ኬሚስት የደረሰበት በ1931 ነው። ሠላሳ ዓመት! «ኦክሊን ነው የምወደው» አሉ ዶክተሯ። «የነገሩን ስም ሳያውቅ እንኳ ሄዶ ነገራቸው።»

ከዚያም ባንግላዴሽን አነሱ። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ልጆችን ከተቅማጥ ለማዳን ተብሎ በየጓሮው ቱቦ ተተከለ፤ ከስንት ዓመት በኋላ ውሃው አርሴኒክ እንዳለበት ታወቀ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጉድጓዶች ተመረመሩና የፓምፑ አፍ ተቀባ፤ አደገኛው ቀይ፣ ደህናው አረንጓዴ። ማንበብ የማትችል ሴትም ውጤቱን ታየዋለች። ቀለሙን ሲያወሩ ድምፃቸው ተለወጠ። «እማማ ትክክል ናቸው» አሉ። «ካርታዬ ላይ ያለው ቀይ ሁሉ ፓምፑ ላይ አለ ወይ ብትለኝ፣ ብዙው ሪፖርት ሆኖ መሥሪያ ቤት ገብቷል። ሪፖርቱ ደግሞ ሰልፉ ላይ አይቆምም።» ከዚያ ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከሉልኝና ተኛ አሉኝ። እኔ የቁልፉን ነገር እያሰብኩ፣ እሳቸው ወጥ ቤት ውስጥ ስኒ እያጠቡ፣ ነጋ።

ናይትሬቱ ደህና ነበር። ፍሎራይዱ ግን ከወሰኑ አልፎ ሄዷል። ዶክተሯ ውጤቱን ስልክ ላይ ልናገረው ብዬ ብጠይቃቸው ፈጽሞ አልሰሙኝም፤ በትልልቅ ፊደል ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ጉልበታቸውን በፋሻ አሰሩ፣ ከዘራ ያዙና አብረን ወረድን። የሚያቃስቱት ከመኪና ሲወርዱ ብቻ ነው።

አክስቴ ቤት ቡና ተፈላ። እማማ መጡ፣ የውሃ ኮሚቴው ሊቀ መንበር መጣ፣ ፓምፕ የሳበችልኝ ልጅ ከነእናቷ መጣች፤ ጋሼ ጥግ ላይ ወንበራቸውን ወደ ሁላችንም አዙረው ተቀመጡ። ዶክተሯ ቡናቸውን ፉት ሲሉ ሁሉም እጃቸውን ያያል። «እኔ ስኒ ቡና ብጠጣ ምንም አልሆንም» አሉ። «ነገሩ የዓመታት ነው፤ ከሁሉም በላይ ጥርሷና አጥንቷ ገና ለሚሠራ ልጅ ነው።» የልጅቷ እናት «አፍልቼ ባጠጣትስ?» አለች። ማፍላት ተቅማጥን ይከላከላል፣ ፍሎራይድን ግን አያስወጣም፤ ውሃው ተንኖ ሲያንስ የቀረው እንዲያውም ይበረታል። እናትየዋ ይህን ስትሰማ ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አደረገቻት። ታዲያ ምን ይደረግ ተባለ። ከጉድጓዱ መታጠብ፣ ልብስ ማጠብ፣ ከብት ማጠጣት ለጊዜው ይቀጥል፤ ለልጆች መጠጥና ለወጥ ግን በክረምት ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚጠራቀም ዝናብ በብዙ ይሻላል። ከከብት አጥንት ከሰል የሚሠራ ማጣሪያ አለ፤ አጥንቱ ሲጠግብ ካልተለወጠ ግን ዋጋ የለውም። በአልሙና በኖራ የሚያጠልል ሌላ ዘዴም ከህንድ መጥቷል፤ እሱም በየቀኑ መጠኑን እየለካ የሚጨምር ሰው ይፈልጋል። ከሁሉ የሚሻለው ፍሎራይዱ ያነሰ ሌላ ምንጭ ፈልጎ በቧንቧ ማምጣት ነው፤ ገንዘብም ጊዜም ይጠይቃል። ዶክተሯ ምንም አላቀለሉም። ጋሼ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «የእኔ ይመለሳል?» አይመለስም አሏቸው፣ ዐይናቸውን እያዩ። ጋሼ ራሳቸውን ለመነቅነቅ ሞከሩ። «ያቺስ?» አሉ ወደ ልጅቷ። ያለው ጥርሷ እንዳለ ነው፤ ገና ያልበቀለው ግን አለ፣ አጥንቷም አለ፤ ታናሽ ወንድሟ ደግሞ ገና ድዱ ብቻ ነው።

እማማ ወረቀቱን ተቀብለው ለኮሚቴው ሊቀ መንበር አስነበቡት፤ ደግሞ አስነበቡት። ከዚያ ከመቀነታቸው ሥር ሳይሆን ከጀርባቸው ካስቀመጡት ዘንቢል ጃኬቴን አወጡ፤ ታጥቧል፣ ታጥፏል፤ ቁልፉ በጨርቅ ተቋጥሮ ተሰፍቶበታል። «አደራህን መልሰሃል» ብለው ሰጡኝ። እኔ እጅጌውን እየለበስኩ ሳለሁ ወደ ሊቀ መንበሩ ዞሩ።

«ማጣሪያውንም ቧንቧውንም ወረዳ ድረስ ሄደህ ትጠይቃለህ?»

«እጠይቃለሁ፣ እማማ።»

«ምን ታስይዛለህ?»

ሊቀ መንበሩ ሳቀ። እማማ አልሳቁም፤ እጃቸው እንደተዘረጋ ነው። ሰውየው አክስቴን አየ፣ ዶክተሯን አየ፣ ጃኬቴን አየ፤ ከዚያ የእጅ ሰዓቱን ይፈታ ጀመር።